የምርጫ ውለታ ከማን ኪስ ይከፈላል?

በጎንደር ከተማ ለነዋሪዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር ሙሉ ቃል

የተከበራችሁ የጎንደርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ የማውቃችሁ የልዩ ልዩ ፓርቲ አባላት፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ምርጫ እንድናገር ስትጋብዙኝ ትንሽ ተገርሜያለሁ። በዚህ ጉዳይ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የፖለቲካ ሰው ወይም የሕግ ሰው ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን በኦዲተርነት የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝ። ኦዲተር ክፉ ልማድ አለበት። ሰው ሁሉ ከመድረኩ የሚነገረውን ሲያዳምጥ እርሱ መድረኩን ማን እንደተከራየው ያሰላስላል። ባነር ተሰቅሎ ሲያይ ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ በማን ስም እንደተከፈለ ይጠይቃል። ዛሬም ይህንኑ ልማዴን ይዤ ነው የመጣሁት።

አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። ትልቅ ገንዘብ ምርጫ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ድምፅ መግዛቱ ነው። ድምፁን የሚሸጥ ሰው በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ብሩን ተቀብሎ ካርዱን ለፈለገው የሚሰጥም ሞልቷል፤ ጎንደሬ በዚህ አይታማም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ተመራጩ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ባለዕዳ መሆኑ። ዕዳው በወረቀት የሰፈረ ቢሆን እሰየው፣ አውጥተን እናነበው ነበር። ዕዳው ግን ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ በአገራችን ከባንክ ብድር ይከብዳል። የባንክ ብድር ቢያንስ ማብቂያ ቀን አለው።

እስቲ አንድ ዕጩ እዚህ ከተማ ውስጥ ቅስቀሳ ቢጀምር የሚያወጣውን አብረን እንከተል። መጀመሪያ ፎቶግራፉን ያሳትማል፤ ፖስተር በየግድግዳው፣ ባነር በየመስቀለኛው መንገድ። ከዚያ የፓርቲው ምልክት ያለበት ካናቴራና ኮፍያ ይመጣል። ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና ከፒያሳ ተነሥቶ በማራኪ በኩል እስከ አዘዞ ሲመላለስ ይውላል፤ መኪናው ኪራይ አለው፣ ነዳጅ አለው፣ ሹፌሩም ምሳ ይበላል። ባጃጆች ባንዲራ አሥረው ይሰለፋሉ። አዳራሽ ይከራያል፣ ውሃና ሻይ ይቀርባል። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን በየጣቢያው ታዛቢ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ታዛቢውም ንጋት ላይ ወጥቶ እኩለ ሌሊት የሚመለስ ሰው ስለሆነ መጓጓዣና ስንቅ ይፈልጋል። በዚህ ላይ በዘመናችን የፌስቡክ ማስታወቂያ ተጨምሯል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል። ያ ዘመድ ፓስፖርቱን ቀይሮ ከሆነ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው፤ የውጭ ዜጋ ደግሞ ለፓርቲ ገንዘብ እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ይህን ስንቱ ዕጩ አስቦት ያውቃል?

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ስንቱ እንደሆነ ተመልከቱ። የሆቴሉ ባለቤት አዳራሹን በነጻ ይለቃል። የነዳጅ ማደያው ባለቤት «ቅዱ፣ ግድ የለም» ይላል። መኪናውን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ያበድራል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ባነሩን አስረክቦ «በኋላ እንተሳሰባለን» ብሎ ይሸኛል። የፓርቲው ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው የአባላት መዋጮና ጥቂት የስጦታ ደረሰኝ ብቻ ነው። እኔ ያንን መዝገብ ብመረምር ንጹሕ ነው ብዬ ፈርሜ ልወጣ እችላለሁ፤ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ መዝገቡን አልነካውም። በዓይነት የተሰጠ ነገር ዋጋው ተተምኖ ካልተመዘገበ በስተቀር የፓርቲ ሒሳብ የሚባለው ግማሽ እውነት ነው።

«በኋላ እንተሳሰባለን» የተባለው ቀን መድረሱ አይቀርም። ሲደርስ ግን በፖስታ የታሸገ ብር ይዞ የሚመጣ ወይም የሚሄድ ሰው አታዩም። ስልክ ይደወላል፣ በቃ። «ያቺ የሊዝ ቦታ ጉዳይ እንዴት ሆነች?» ይባላል። የጨረታው መስፈርት ሲጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ከአምስት ተጫራቾች አራቱ ይወድቃሉ። የግብር ሒሳብ የሚመረመርላቸው ሰዎች ዝርዝር ሲወጣ አንድ ስም ወደ ታች ይወርዳል። ማንም ጉቦ አልበላም። ማንም አልፈረመም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ለኦዲተር እጅ የማይሰጠው ይህ ነው፤ የወጣውን ገንዘብ መከተል ይቻላል፣ ያልተሰበሰበውን ግብርና ያልተከበረውን ተራ ግን በምን ሰነድ ትከተሉታላችሁ?

ተራ ያልሁት በምክንያት ነው። በዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። የአንገረብ ግድብ አልበቃ ብሎ ዓይናችንን መገጭ ግድብ ላይ ከተከልን ቆይተናል። ስለ ውሃው ለመጠየቅ ወደ ተመራጩ ቢሮ የምትሄድ እናት ጸሐፊዋ ፊት ለፊት ደጅ ስትጠና ትውላለች፤ ስለ መሬቱ የሚደውለው ባለውለታ ግን በሁለተኛው ጥሪ ይነሣለታል። ተመራጩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ይሉኝታ ያለበት ሰው ስለሆነ ነው፤ እንዲያውም ጨዋ ሰው ሲሆን ውለታው ይብስበታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ሹሙን ብቻ ስንወቅስ ኖረናል። ገበታውን የዘረጋለት ሰው ማን እንደሆነ ግን አባባሉም አያነሣም፣ እኛም አንጠይቅም።

ይህን ነገር ለጎንደር ሰው ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል፤ ማስረጃው ከዚህ አዳራሽ ብዙም የማይርቀው ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ለብዙ ዘመን እዚያ ግንብ ውስጥ የተቀመጠው ንጉሥ በእርግጥ ንጉሥ ነበር። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ዘውዱና ሥልጣኑ ተለያዩ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ፍጻሜ መንግሥት የምንላቸው፣ እየነገሡና እየተሻሩ ስድስት ጊዜ ያህል ዙፋን ላይ ወጥተዋል። በኋላም የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ጎንደር ላይ ማን እንደሚነግሥ ሲወስኑ ኖሩ። ዘውድ ነበረ፣ ማኅተም ነበረ፣ ሥርዐተ ንግሡም አልቀረም። ሠራዊቱን የሚቀልበው ሰው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ የቀለበው ደግሞ ያዝዛል። ይህ ነገር እስከ 1847 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እስኪነግሡ ድረስ ቀጥሏል። ዘመነ መሳፍንትን በትምህርት ቤት ስንማር የጦርነት ዘመን ብለን ነው። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁልጊዜ የሚታየኝ ወጪው በማን እጅ እንደነበረ ነው።

ምርጫ በአገራችን ሲጀመርም ገንዘብ በር ላይ ቆሞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ለመሆን የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ በራሱ ወጪ ነበር የሚሮጠው። ንብረት የሌለው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይታሰብለትም። ያ ሕግ ከቀረ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት ያለ ሀብት ልዩነት ለሁሉም ተሰጥቷል። ቅስቀሳው በባለሀብት ኪስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን የንብረቱ መስፈርት በጓሮ በር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ንብረቱ የዕጩው ሳይሆን የደጋፊው መሆኑ ነው።

በሌላ አገር እንዴት እንደሆነ የምጠቅሰው ለማስደነቅ አይደለም፤ ከእኛ ቀድመው የገቡበትን ጉድጓድ ለማየት ነው። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ገዥው ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት በዕጩነት ለመቅረብ የሚያስፈልገውን ፎርም በ100 ሚሊዮን ናይራ ሸጠ። ለቅስቀሳ አይደለም፤ ለፎርሙ ብቻ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 30,000 ናይራ ነበር። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አንድ ዝቅተኛ ተከፋይ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም ከ277 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ በነበሩበት ዘመን መቆጠብ የጀመረ ሰው ነው እንግዲህ ያን ጊዜ ፎርሙን የሚገዛው።

አሜሪካኖች ነገሩን በፍርድ ቤት አጠበቁት። እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ለቅስቀሳ ገንዘብ ማውጣት ሐሳብን ከመግለጽ ነጻነት የሚቆጠር ስለሆነ ወጪውን መገደብ አይቻልም አለ፤ ለዕጩው በቀጥታ የሚሰጠውን ስጦታ መገደብ ግን ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ደግሞ በአምስት ለአራት ድምፅ ኩባንያዎችም እንደ ልባቸው ማውጣት ይችላሉ፣ ከዕጩው ጋር እስካልተማከሩ ድረስ አለ። ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ያለ ገደብ ገንዘብ ሰብስበው ለቅስቀሳ የሚያወጡ ድርጅቶች ከዚያ በኋላ ፈሉ። የ2020ው የፌዴራል ምርጫቸው ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደፈጀ ይገመታል። በ2024ቱ ምርጫ ኢሎን መስክ ብቻውን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ ከዚያም የመንግሥትን ወጪ ይቀንሳል የተባለ የሥራ ክፍል ሲቋቋም ዋናው ሰው ሆኖ ገባ። ይህንን እኔ አልተረጉመውም። በመዝገብ ላይ ሁለት ተከታታይ መስመር ሲገኝ ኦዲተር የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት፤ አንዱን ከሌላው በታች ጻፍሁት።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ምሳሌ ግን አሮጌ ነው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን ምርጫ ማለት ድግስ ነበር፤ ዕጩው መራጩን ያበላል፣ ያጠጣል፣ በሠረገላ ያመላልሳል። እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው ሕግ ይህንን ቆረጠው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዕጩ በምርጫ ክልሉ ባለው የመራጭ ቁጥር ልክ ሊያወጣ የሚችለው ጣሪያ ተወሰነለት። ከዚያም፣ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው፣ የዕጩው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ወኪል እጅ ብቻ እንዲያልፍ ተደረገ። ወኪሉ በስም ይታወቃል፣ ሒሳቡን ከነደረሰኙ ያስረክባል፣ ጥፋት ከተገኘ ዕጩው «እኔ አላውቅም፣ ወዳጆቼ ናቸው ያወጡት» ማለት አይችልም። ያሸነፈበት ወንበር ሊነጠቅ ይችላል። ሕጉ ለሙዚቃ ጓድ፣ ለችቦ፣ ለባንዲራና ለባነር፣ ደረት ላይ ለሚለጠፍ ሪባን ሳይቀር ገንዘብ መክፈልን ከልክሏል። ለእኛ ለካናቴራና ለሞንታርቦ ሰዎች ይህ ቀልድ ይመስላል። የምርጫ ወጪ ግን ከዚያ ወዲህ በግልጽ ወረደ። እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ጣሪያው የተጣለው በዕጩዎች ላይ ስለነበረ ፓርቲዎች በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያወጡት እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ ሳይገደብ ቆይቷል። ዝሆኑ በዋናው በር ሲያልፍ ለረጅም ጊዜ ማንም አልቆጠረውም።

ሕንዶች ደግሞ የምሥጢርነትን ዋጋ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የምርጫ ቦንድ የሚባል ነገር አመጡ፤ ኩባንያ ከመንግሥት ባንክ ቦንድ ገዝቶ ለፓርቲ ይሰጣል፣ ስሙ ለሕዝብ አይነገርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በየካቲት 2024 መራጩ የማወቅ መብት አለው ብሎ ሻረው፤ ባንኩም ዝርዝሩን እንዲያወጣ ታዘዘ። ሲወጣ ከፍተኛው ገዢ የሎተሪ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ፤ በመንግሥት ምርመራ ሥር የነበሩ ድርጅቶችም ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥሩ የምርጫ ገንዘብ ሕግ አውጥታ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ከ2022ቱ ምርጫ በፊት የወጪ ጣሪያ ሲያወጣ ግን ፓርላማው ውድቅ አደረገው። ጣሪያውን የሚያጸድቀው በጣሪያው የሚገደበው ሰው ሲሆን ውጤቱ ይኸው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ሕግ የለንም የሚል ሰው ካለ ይታረም፤ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲ ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ ይዘረዝራል፤ የአባላት መዋጮ፣ ኢትዮጵያውያን የሚሰጡት ስጦታ፣ መንግሥት በምርጫ ቦርድ በኩል የሚሰጠው ድጋፍ። ከውጭ ዜጋና ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ድርጅት፣ ምንጩ ከማይታወቅ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ፓርቲ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ማስመርመር፣ ለቦርዱ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ላይ ነጻ የአየር ሰዓት ይደለደላል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ክርክሮቹ በቴሌቪዥን ሲተላለፉ ስንቶቻችን ሻይ ቤት ተሰብስበን እንዳየን ታስታውሳላችሁ፤ ለተከራካሪው ያቺ ሰዓት ብር አላስወጣችውም፣ ከካናቴራ ሁሉ ይልቅ ግን ሰው አሳመነችለት።

እኔ የምጣላው ከጊዜው ጋር ነው። የዓመት ሒሳብ ተዘግቶ፣ ተመርምሮ፣ ለቦርዱ እስኪደርስ ድረስ ምርጫው አልፎ ተመራጩ ቃለ መሐላውን ፈጽሟል። በኦዲት ሙያ ይህን የድኅረ ክፍያ ምርመራ እንለዋለን፤ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። መራጭ ግን የሚቀጥለው ዓመት የለውም፤ ያለው የሚቀጥለው አምስት ዓመት ነው። ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው አራት ቀን አስቀድሞ ይቆማል። እነዚያ የጸጥታ ቀናት ለማሰብ የተሰጡ ከሆኑ፣ ሳስብ በእጄ የሚገኘው ነገር የዕጩው ፎቶግራፍ ብቻ ነው ወይስ ማን እንደረዳው የሚያሳይ ዝርዝርም ጭምር?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽ ልናገር፤ ሰዓቱ ቢያጥርም ይህን አልዘልም። ስለ ትልቅ ገንዘብ ስናወራ ዓይናችን ወደ ባለሀብቱ ብቻ ይሄዳል። በአገራችን ትልቁ ባለሀብት መንግሥት ነው። ኮድ 4 ሰሌዳ ያለው መኪና የፓርቲ ስብሰባ በር ላይ ቆሞ ሲታይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ለሰልፍ ሲጠራ፣ የቀበሌ አዳራሽ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ቁልፉ ሲጠፋ፣ ያ ሁሉ የቅስቀሳ ገንዘብ ነው። ሕጉ የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ ማዋልን ይከለክላል። ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ደስጣ ወረቀት እንኳ ያለ ሞዴል 22፣ ማለት ያለ ዕቃ ማውጫ ደረሰኝ፣ አይወጣም፤ ያለ ሞዴል 22 የሚወጣው ትልቁ ንብረት የሠራተኛው ጊዜና የመኪናው ነዳጅ ነው። ይህ የአንድ ፓርቲ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ይፈተንበታል። ማንም ሥልጣን ቢይዝ ደግሞ ይህንኑ እጠይቃለሁ።

ትናንት አንድ ነጋዴ ወዳጄ ስለዚህ ንግግር ስነግረው «ላቤን አፍስሼ ያገኘሁትን ለፈለግሁት ብሰጥ ማን ይከለክለኛል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መስጠት መብቱ ነው፤ እኔም ከልክሉት አላልሁም። ጣሪያ ይኑረው፣ ስሙም ይታወቅ ነው ያልሁት። ጣሪያው ደግሞ ከማንም በላይ ነጋዴውን ይጠብቃል። እስቲ ነጋዴዎች በሐቅ ንገሩኝ፤ ከምትሰጡት ውስጥ ወዳችሁ የምትሰጡት ስንቱ ነው? የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ተብሎ ካርድ ሲመጣ ላለመግዛት የደፈረ ማን ነው? አንዱ ሰጠ ሲባል ሌላው እንዳይጠመድ ይሰጣል፤ ብልሁ ደግሞ ለሁሉም ይሰጣል። ሕጉ ጥብቅ ቢሆን ነጋዴው «ከዚህ በላይ አይፈቀድልኝም» ብሎ በሰላም ወደ ሱቁ ይመለስ ነበር።

የድሃ ፓርቲ ሰው ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣብኛል፤ «ባለሀብቱን ከቆረጥህብን በምን እንቀሳቀስ?» ይላል። ለእርሱ መልሴ ዕድር ነው። ዕድር ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል፣ ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ያነባል፣ ማንም «የድንኳኑ ባለቤት እኔ ነኝ» አይልም። አንድ ሰው ብቻውን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ገዝቶ ቢሰጥ ሰው ያመሰግነው ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን የማን ቀብር እንደሚደምቅ የሚወስነው እርሱ ይሆናል። ዛሬ በቴሌብር አሥር ብር ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም፣ የላኪው ስምም ይመዘገባል። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቁት ሕግ ለእያንዳንዱ መራጭ አራት የ25 ዶላር ኩፖን ይሰጠዋል፤ ለወደደው ዕጩ ያበረክታል፣ ኩፖኑን የተቀበለ ዕጩ ደግሞ የወጪ ገደብ ይፈርማል። ወጪው ከንብረት ግብር ነው። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም፤ ሐሳቡ ግን አቅም አይጠይቅም። ዕጩው ብር ፍለጋ ሲወጣ የሆቴል ሳሎን ሳይሆን ቅዳሜ ገበያ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ይህ በተለይ ለሴት ዕጩዎች ይጠቅማል። ትልቅ ገንዘብ የሚሰጠው ማምሻውን፣ ወንዶች ብቻቸውን በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ የማትቀመጥ ሴት ብቁ ብትሆንም ፖስተር የላትም።

«አገር ሰላም በሌለበት ስለ ካናቴራ ወጪ ታወራለህ?» የሚለኝም ይኖራል። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም፤ ሁላችንም በምን ዓመታት ውስጥ እንዳለፍን እናውቃለን። ነገር ግን ሰው በምርጫ በር ለመግባት ብር ያስፈልጋል ብሎ ካመነ በሩን ማንኳኳት ይተዋል። ማንኳኳት የተወ ወጣት የት እንደሚሄድ ለዚህ አዳራሽ መንገር አያሻኝም።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር። ምክር ቤቱ አዋጅ እስኪያሻሽል የምንጠብቅ ከሆነ የኬንያን ታሪክ ነግሬአችኋለሁ። ጎንደር ላይ የሚወዳደሩ ዕጩዎች በፈቃዳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። የጸጥታው ቀናት ከመጀመራቸው በፊት ማን ምን ያህል እንደሰጣቸው በአንድ ገጽ ጽፈው ይለጥፉ፤ ፖስተራቸው በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ከፖስተሩ ሥር። የሻይ ብር የሰጠችውን እናት ስም ይጻፉ አላልሁም፤ ለትንንሹ ስጦታ ድምሩ ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ስትጀምር ከ100,000 ራንድ በላይ የሆነውን ብቻ ነበር በየሦስት ወሩ የምታሳውቀው። እኛም የራሳችንን ልክ ተነጋግረን እንወስን። በዓይነት የተሰጠው ግን ዋጋው ተተምኖ ይግባ፤ አዳራሹ፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ማተሚያው። ሁሉም ዕጩ እንደ እንግሊዞቹ አንድ የታወቀ ወኪል ይሰይም፤ ሳንቲም በሌላ እጅ አይለፍ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በተለይ የሒሳብና የሕግ ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለላችሁ። ባነር ቁጠሩ። አልቀልድም። በየሰፈሩ የተሰቀለውን ቆጥራችሁ፣ የማተሚያ ቤቶችን ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ዕጩው ካስታወቀው ወጪ ጋር አስተያዩት። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ባነር የሚሰቀለው እንዲታይ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ዕጩውን በአክብሮት ጠይቁት። ሲቆጣ አትመልሱለት፤ ቁጥሩን ብቻ ድገሙለት። ጋዜጠኞችም «ፕሮግራማችሁ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አሳርፉትና «የአዳራሹን ማን ከፈለ?» በሉ። ፕሮግራም ማንም ያሳምረዋል።

የያዝሁት ወረቀት እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረው ሰዓት የእናንተ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን፣ ለመወዳደር የተዘጋጃችሁ ሰዎች እዚህ መኖራችሁን ስለማውቅ፣ ለእናንተ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። የደጋፊዎቻችሁን ስምና መጠን ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ትለጥፋላችሁ ወይስ አትለጥፉም? «እናስብበታለን» የሚለውም መልስ ነው፤ ጸሐፊው እንደ መልስ ይመዝግበው። የድምፅ ማጉያውን በዚያ በቀኝ በኩል ላሉት አሳልፉላቸው።